አሳማሪው ራሱን ሲስል

ሰውዬው በስድሳ አንድ ዓመቱ ራሱን ሊስል ሲቀመጥ መጀመሪያ ያደረገው ከሙያው የለመደውን ነው፤ የመኝታ ቤቱን መስተዋት አወረደና በደረቅ ሳሙና ጠርዝ ካሬ ካሬ አድርጎ አሰመረው፤ ወደ ታች አሥራ ሁለት፣ ወደ ጎን ዘጠኝ። ጠረጴዛው ላይ የዘረጋውን ወረቀትም በዚያው ቁጥር አሰመረ፤ እርሳሱን ቀረጸ፤ ተቀመጠ። የግንባሩን ጫፍ ከላይኛው ረድፍ ሦስተኛ ካሬ ውስጥ አገኘው። ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ ሁለት መስመር ጥሎ ቀና ሲል ግንባሩ ከሦስተኛው ካሬ ወጥቶ አራተኛው ውስጥ ገብቷል። አንገቱን ወደነበረበት መለሰ፤ አጎነበሰ፤ ቀና ሲል ዳግመኛ ሸሽቷል። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ከሳላቸው ፊቶች አንድም ከቦታው የተነቃነቀበት አልነበረም። ሁሉም ፎቶግራፎች ነበሩ፤ የሚበዙትም የሙታን።

ሥራው ይህ ነበር። ሰው ይሞታል፤ ቤተሰቡ ከመታወቂያ ላይ የተላቀቀች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጉርድ ፎቶ በፖስታ ይዞ ይመጣል፤ እሱም በከሰል እርሳስ አጉልቶ፣ ግድግዳ የሚሞላ አድርጎ ያስረክባል። ሱቁ በፀጉር አስተካካዩና በቁልፍ ቀራጩ መካከል የተሸጎጠች፣ በሩን የከፈተ ሰው ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ሆዱ ከጠረጴዛ የሚላተምባት ክፍል ነበረች። ደንበኞቹ በስሙ አይጠሩትም፤ «አሳማሪው» ይሉታል። ቅጽል ስሙ በሐሰት የተሰጠው አልነበረም። የጎበጠውን አፍንጫ ያቃናል፤ የረገበውን አገጭ ይሰበስባል፤ ፈንጣጣ የፈለፈለውን ጉንጭ በጥጥ እያሸ የሕፃን ቆዳ ያስመስለዋል። ማንም ጠይቆት አይደለም። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ሙት ወቃሽ አልሆንም» ይላል፤ ሰዎችም ደግ ሰው ነው ብለው ይሄዳሉ።

ሙትን አለመውቀስ አንድ ነገር ነው፤ ሙትን በሌላ ሰው መተካት ሌላ። ልዩነቱን ለማወቅ ትኩር ብሎ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። እሱ ግን አያይም፤ እንዳያይ የሚረዳውም ዘዴ ነበረው። ፎቶግራፉን ዘቅዝቆ፣ አገጩን ወደ ላይ ግንባሩን ወደ ታች አድርጎ ነበር የሚሠራው። ዘዴውን ያስተማረው የቀድሞ አሠሪው፣ «ፊት መሆኑን ካወቅህ እጅህ ይዋሻል። ዘቅዝቀው፤ መስመር ብቻ ይሆንልሃል» ብሎት ነበር። ምክሩ መልካም ነበር። ተማሪው ግን ግማሹን ብቻ ወሰደ፤ ዘቅዝቆ በታማኝነት የገለበጠውን አቃንቶ በደግነት ያበላሸዋል። እንዲህ ሆኖ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ሳለ፤ አንዳቸውንም ግን በቅጡ አላየም።

ከእነዚያ መካከል አንዷ እናቱ ነበረች።

እናቱ ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ከዓይኗ ሥር ተነሥቶ እስከ መንጋጋዋ የወረደ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረባት። እሱ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ የነጭ ጋዝ ምድጃ ፈነዳ፤ እሳቱ እሱ ወደተኛበት ፍራሽ ሲዘል ፊቷን አስቀድማ ገብታ አወጣችው። እሱ ላይ የነጥብ ያህል ምልክት አልቀረም፤ የእሱን ድርሻ እሷ ወስዳዋለችና። ከዚያ ወዲያ ካሜራ ባየች ቁጥር ዘወር ማለት ልማዷ ሆነ። በሕይወቷ የቀረላት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤቷ ለመታወቂያ ግድ ብሏት የተነሣችው፣ ፊት ለፊት፣ ጠባሳዋን ሳትሸሽግ።

ስትሞት እሱ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ቀብሩ በማግሥቱ ስለነበር ሥዕሉን ለማድረስ ቸኮለ። በሌላ ጊዜ ካሬውን የሚያሰምረው ፎቶው ላይ በሚደርበው ስስ ፕላስቲክ ላይ ነው፤ የዚያን ቀን ፕላስቲኩ ቢያልቅበት በቀለም በቀጥታ ፎቶው ላይ አሰመረ። ዘቅዝቆ ጀመረ፤ አቃንቶ ጨረሰ። ጠባሳው ጋ ሲደርስ እጁ ለባዕድ ያደርግ የነበረውን ለእናቱም አደረገ፤ በጥጥ አሸው፣ አለሰለሰው፣ አለፈው። ከዚያ መስመሩን ከፎቶው ላይ ሊያነሣ በእርጥብ ጥጥ ቢያብሰው የፎቶው ቆዳ ከነፊቷ ተልጦ ከጥጡ ጋር መጣ።

በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠው እህቱ በማግሥቱ ከሥዕሉ ፊት ቆማ ብዙ አየች።

«የማን እናት ናት?» አለች።

«እትዬ፣ ሰው ፊት እንዲህ…»

«የማን እናት ናት ነው የምልህ። የኛዋን የት አደረስካት?»

ፎቶግራፏን እንዲመልስላት ጠየቀችው። የተላጠውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አልጮኸችም። ሥዕሉን ግን ወሰደችው፤ ሌላ አልነበረምና። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዘጠኝ ዓመታት ተኳርፈዋል ማለት አይቻልም፤ ኩርፊያማ አስታራቂ ያገኛል። ቤቱ ሐዘን ሲገባ ትመጣለች፤ ራቅ ካለው ወንበር ትቀመጣለች፤ «በርታ» ትላለች፤ ትሄዳለች። እሱም ጊዜ ይፈታዋል እያለ ኖረ። ጊዜ የሚፈታው ሰው ጎንበስ ብሎ የጀመረውን ቋጠሮ ነው፤ ማንም ያልነካው ቋጠሮ እያደር ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

የነቃው ዘንድሮ ነው፤ የቀሰቀሰችውም ባዕድ ሴት ናት። የአንድ አውቶቡስ ሾፌር ሚስት የባሏን ጉርድ ፎቶ ይዛ መጣችና ጣቷን በፎቶው ላይ አድርጋ፣ «ይቺን የግራ ዓይኑን ቆብ ያዩዋታል? ወደቅ ያለችውን? አደራ፣ እሷን እንዳይነኩብኝ። ሲቀልድም ሲቆጣም በሷ ነበር የማውቅበት» አለችው። «አልነካትም» ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ ነበር። ሥዕሉን ለመውሰድ በመጣች ጊዜ ግን ሴትዮዋ አየት አድርጋ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትንም ሌሎች ሥዕሎች አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረች።

«ምን ፈልገው ነው?»

«የኔን ነዋ። ተሳስተው የሌላ ሰው ሰጡኝ እኮ።»

ቁጣም ሽሙጥም አልነበረበትም፤ እውነቷን ነበር። ሥዕሉን አነሣና የግራውን ዓይን ተመለከተ። ቆቡ እንደ ቀኙ ተቃንቶ ተከፍቷል። መቼ እንዳቃናው አላስታወሰም፤ እጁ ያለ እሱ ፈቃድ መሥራት ከጀመረ ስንት ዓመቱ እንደሆነም አላወቀም።

የዚያን ቀን ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ጢሙን እየላጨው «ምነው አሳማሪው፣ ፊትህ የተጨመቀ ጨርቅ መሰለ?» አለው። ነገሩን ነገረው።

«ታዲያ ምን አለበት? እኔስ መላጣውን ደንበኛዬን መላጣ ነህ እለዋለሁ? ከኋላ ትንሽ ሳሳ ብሏል እለዋለሁ እንጂ።»

«አንተ ያበላሸኸው በወሩ ይበቅላል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጠረገ። «አገጭህን ቀና አድርግ። እናትህን የሚያውቃት አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንተ እዚህ ወንበር ላይ በተቀመጥህ ቁጥር ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? ‹ይሄ ልጅ ቁርጥ እናቱን! ጢሙን ላጭቼ ስጨርስ እሷን የላጨሁ ይመስለኛል።›»

አሳማሪው በሳሙና እንደተለቀለቀ በመስተዋቱ ውስጥ ራሱን ተመለከተ። አንድ ሐሳብ መጣለት። የእናቱ ፊት ከወረቀት ላይ ጠፍቶ ይሆናል፤ ከእሱ አጥንት ላይ ግን አልጠፋም። ራሱን ያለ ማሳመር፣ ያለ ምሕረት ቢስል ከሥሩ እሷን ያገኛታል፤ ጠባሳዋን ይመልስላታል፤ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ለእህቱ ይወስድላታል። እህቱ ሰባ ሞልቷታል። ለነገ የሚባል ሥራ አልነበረም።

ካሬው እንዳልሠራለት ከላይ ተነግሯል። ሦስት ቀን ከመስተዋቱ ጋር ከታገለ በኋላ ሳሙናውን አጥቦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጀርባውን ከግድግዳ አጣብቆ በግምት ሠራ። በሳምንቱ ጨረሰና ሚስቱን ጠራት። ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ከሥዕሉ ፊት ቆመች።

«ይሄን ጎረምሳ ከየት አመጣኸው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቀደም ብዬ አግኝቼው ቢሆን አንተን አላገባም ነበር ማለቴ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ!»

እየሳቀች ወጣች። እሱ ግን ቢያየው እውነቷን ነው። የዓይኑ ሥር ከረጢት የለም፤ አገጩ አልረገበም፤ ከንፈሩ ዳርና ዳር የወረዱት ሁለት እጥፋቶች ወዴት እንደገቡ አይታወቅም። ያለ ምሕረት እሠራለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለራሱ ሲሆን ምሕረቱን በእፍኝ ሳይሆን በቁና ሰፍሯል። ወረቀቱን ቀደደው።

ሁለተኛውን ሲጀምር ለራሱ ሕግ አወጣ፤ ጥጥ ከቤት እንዲወጣ አደረገ፤ አንድ መስመር ከመጣሉ በፊት የሚጥለውን ነገር በቃል ይናገራል። «የግራው ጉንጭ ከቀኙ ይወርዳል።» ያሰምራል። «አፍንጫው ጫፉ ላይ ያብጣል።» ያሰምራል። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» ትለዋለች፤ ያሰምራል። ሥራው አንድ ወር ያህል ፈጀ። በዚያ ወር ውስጥ የተማረው ነገር ከዚያ በፊት በነበረው የሥራ ዘመኑ ሁሉ ከተማረው ይበልጣል፤ ትምህርቱ ግን ለማንም የማይጠቅም ሆኖ ዘግይቶ ነበር የመጣው። ከሁሉ ያስቸገሩት ዓይኖቹ ነበሩ። ትኩር ብሎ ባያቸው ቁጥር ዞር ይላሉ፤ የሚያየውን የሚፈራ ሰው ዓይኖች ነበሩ። እንደዚያው አድርጎ ሳላቸው።

ሚስቱ አዲሱን ሥዕል ስታይ አልሳቀችም።

«አሁን አንተ ነህ» አለች። ቀጥላም፣ «አላማረብህም» አለች።

የቀረው ጠባሳው ነበር። እርሳሱን አንሥቶ ወደ ጉንጩ አስጠጋና እጁ በአየር ላይ ቀረ። በየትኛው ጉንጭ? የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ሳለ እናቱ ከቁም ሳጥኑ መስተዋት ፊት አስቀምጣው አንዴ ከፊቱ፣ አንዴ ከኋላው ቆማ ፀጉሩን ስታበጥረው ጠባሳው ከበሩ በኩል ይታየው ነበር። ነገር ግን የሚያስታውሰው ከፊቱ ስትቆም ያየውን ፊቷን ይሁን ወይስ ከኋላው ስትቆም በመስተዋቱ ውስጥ ያየውን፣ ሊለየው አልቻለም። ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያት ጊዜ ሁሉ ዓይኑን ከዚያ ጉንጭ ሲያሸሽ ኖሯል፤ በእሱ ምክንያት የመጣ ስለነበር። ፎቶግራፏን በእጁ ይዞ በሠራበት በዚያ አንድ ቀን ደግሞ ዘቅዝቋት ነበር፤ ካቃናትም በኋላ ጠባሳው ላይ ያለፈው እጁ እንጂ ዓይኑ አልነበረም። ሚስቱን ያገባው እናቱ ከሞተች በኋላ ነው፤ የእናቱ የሥራ ባልደረቦችም አልቀዋል። የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ቀርታለች።

ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ወደ እህቱ ቤት ሄደ።

እህቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጉልበቷ ሥራ ካስተዋትም በኋላ የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አላነሣችውም፤ የሠፈሩን ተማሪዎች ቀሚስና ሱሪ ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች። ሲገባ አንድ ሰማያዊ ሱሪ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጠመኔ ምልክት እያደረገች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ።»

«ሰው ሳይሞት መጥተህ ስለማታውቅ ነው። ተቀመጥ። ምንድን ነው የያዝከው? ደግሞ ማንን አሳምረህ መጣህ?»

«ራሴን።»

«ራስህንማ ድሮም ስታሳምር ነው የኖርከው።»

ጋዜጣውን ፈትታ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች። ጣቷን ሳታስነካው ከዓይኑ ሥር ባለው ከረጢት ላይ አንዣበበች፤ ወደ አፉ ዳር እጥፋት ወረደች።

«ይሄን ሁሉ አየኸው?»

«አየሁት።»

«እ» አለች። ከእሷ አፍ ይህን የምታህል ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበርና ልቡ ሞቅ አለው። ሞቅታው ሳይበርድ የመጣበትን ነገራት፤ ፊቱ የእናታቸው መሆኑን ሰው ሁሉ እንደሚመሰክር፣ የጎደለው ጠባሳው ብቻ እንደሆነ፣ እሱን ከነገረችው አሁኑኑ ጨርሶ እናታቸውን እንደሚመልስላት። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የትኛው ጉንጯ ላይ እንደነበር ጠፍቶብኛል» አለ።

እህቱ ሥዕሉን መኪናው ላይ አስደግፋ ወደ እሱ ዞረች።

«ጠፋብህ?»

እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«ላንተ ብላ የተቃጠለችው ሴትዮ፣ በየትኛው በኩል እንደተቃጠለች ጠፋብህ?»

«አላይም ነበር እኮ፣ እትዬ። ማየት አልችልም ነበር።»

«እኔስ የምችል ነበርኩ? አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ቅባቱን የቀባኋት እኔ ነኝ። አንተ እግሯ ሥር በቆርኪ ትጫወታለህ።» ጣቷን ወደ ራሷ ቀኝ ጉንጭ አነሣች። «በቀኝ ነው። ከዓይኗ ሥር ጠበብ ብሎ ይጀምራል። እዚህ ጋ እንደ መዳፍ ይሰፋል። መንጋጋዋ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጆሮዋ፣ አንዱ ወደ አንገቷ። ይሄ ጣቴ አልረሳውም።»

«እንግዲያው ሁሉም አለሽ!» አለ፤ ሊነሣ ቃጣው።

«የለኝም!»

የጮኸችበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጠባሳው ነው ያለኝ» አለች፤ ድምፅዋ ወዲያው ተሰበረ። «ፊቷ የለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ሳስባት የምትመጣብኝ ያቺ አንተ የሳልካት ሴትዮ ናት። ከግድግዳ ካወረድኳት ሃያ ዓመት አለፋት፤ ከዚህ ግን» አለች ግንባሯን በጣቷ እየነካች፣ «አልወርድ አለችኝ። ጠባሳውን እሷ ላይ ላደርገው እሞክራለሁ። አይገጥማትም። ይንሸራተታል። ስንት ዓመት አየኋት መሰለህ፣ እሷን እያየሁ የኛዋን አጠፋኋት። መጀመሪያውኑ አልቀበልህም ማለት ነበረብኝ፤ ሌላ አልነበረኝም ብዬ ወሰድኩት።»

አሳማሪው የበደሉን ልክ የተረዳው ያን ጊዜ ነው። እናቱን ከአንድ ወረቀት ላይ ያጠፋ ይመስለው ነበር፤ እህቱ እውነተኛዋን በልቧ ይዛ በእሱ ላይ የተቆጣች ይመስለው ነበር። ቁጣዋ መጽናኛው ሆኖ እንደኖረ አሁን ገባው፤ የተቆጣ ሰው ቢያንስ የተቆጣለትን ነገር ይዟልና። እሷ ግን ባዶ እጇን ነበረች። ማሳመር ማለት ይህ ነው፤ ሐሰቱ ከእውነቱ ጎን አይቀመጥም፤ ቦታውን ይወስዳል።

«እንሞክር» አለ በመጨረሻ። «ፊቱን ከእኔ፣ ጠባሳውን ካንቺ። ምናልባት።»

እህቱ የስፌት ጠመኔዋን አንሥታ ወደ ሥዕሉ ተጠጋች፤ ሱሪ ላይ ምልክት እንደምታደርግ አጭር አጭር እየነካች የጠባሳውን ዳርቻ ከዓይኑ ሥር እስከ አንገቱ አወረደችው። እጇ አንድ ጊዜም አላመነታም። እሱ በእርሳሱ ተከተላት። «እዚህ ጋ ቆዳው ይሸበሸባል» ትለዋለች፤ ይሠራል። «እዚህ ጋ ግን ይላላል፣ ያብረቀርቃል» ትለዋለች፤ ይሠራል። ከዚያ በፊት በሕይወታቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ነገር ሠርተው አያውቁም። ፀሐይዋ ከመኪናው ላይ ወርዳ ወለሉን እስክትነካ ድረስ ቆዩ።

ሲጨርሱ ሥዕሉን ወንበር ላይ አስቀምጠው ወደ በሩ ራቅ ብለው ቆሙ። ሁለቱም ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ከወንበሩ ላይ የሚያያቸው አንድ ፊቱ የተቃጠለ ሽማግሌ ነበር፤ የሚፈራ ዓይን ያለው።

«አይደለችም» አለ።

«አይደለችም።» እህቱ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። «አንተ ነህ። እሷ ባትገባ ኖሮ የምትሆነው አንተ።»

የመኪናውን ጠርዝ ያዘ። «ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አለ። ይህን ቃል ለማውጣት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሲወጣም እንደሚያስበው ከባድ አልነበረም፤ ምናልባት ጊዜው ያለፈበት ስለነበር ይሆናል።

«እኔ ይቅር ልልህ እችላለሁ» አለች፤ ስትናገር አላየችውም። «ይኸው ብዬሃለሁ። ግን እኔ የምሰጥህ የኔን ነው። የሷን የሚሰጥህ የለም።»

ሥዕሉን ሊጠቀልል ወደ ጋዜጣው ሲያጎነብስ ያዘችው።

«ተወው፤ እዚሁ ይቀመጣል። ግን ከሥሩ የማን እንደሆነ ጻፍበት። እኔ ስሞት የሚያገኘው ሰው የነዚያ ሰዎች እናት እንዲህ ነበረች እንዳይል። አንድ ጊዜ ይበቃል።»

በሥዕሎቹ ላይ ስም ጽፎ አያውቅም ነበር፤ ቤተሰቡ የራሱን ሙት ያውቃል ባይ ነበረና። እርሳሱን አንሥቶ ወደ ወረቀቱ ግርጌ አስጠጋ። እህቱ ከትከሻው በላይ ሆና እየተመለከተችው ነበር። የራሱን ስም ጻፈ፤ ቀኑን ጻፈ። የእናቱን ስም የሚጽፍበት ቦታ ፈለገ፤ አጠገቡ ባዶ ወረቀት ሞልቶ ነበር፤ ስሟን ከሥሩ ሊጽፍበት የሚችል ፊት ግን አልነበረም። እርሳሱን አስቀመጠ።